የአምባላይ መኪና

አቶ ክንዱ ከመሸንቲ ተነሥተው ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ወዳለው የልጃቸው የሀዲስ ጋራዥ ሲመጡ የታወቀ ልማድ ነበራቸው። መጀመሪያ በሩ ላይ ቆመው ይስላሉ፤ ከዚያ ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው የተጋጩትን መኪኖች እንደ ታመመ ከብት ተራ በተራ እያዩ ያልፋሉ። የዚያን ቀን ግን ሳይስሉ ገቡ። ጥግ ላይ ጎማው ተንፍሶ የቆመውን አሮጌ አባዱላ ሚኒባስ አንድ ጊዜ ዞሩትና ጎኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይኼ ነገር ይሄዳል?» አሉ።

ሀዲስ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «ሞተሩ ደኅና ነው አባባ። ወንበር የለውም እንጂ። ምነው?»

«ፈረስ ይይዛል?»

ሀዲስ ቀልድ መስሎት ሳቀ። አባቱ አልሳቁም።

ነገሩ የስለት ነገር ነበር። የሀዲስ ታናሽ ወንድም ምሥጋና በሰሜኑ ጦርነት ዘምቶ ድምፁ ሲጠፋ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «እርማችሁን አውጡ» እያለ ሲወተውት፣ አቶ ክንዱ አሻፈረኝ አሉ። እርም በማውጣት ፈንታ ነጠላቸውን አደግድገው ሐይቁ ዳር ወዳለው ደብር ሄዱ። ደብሩ ዙሪያውን ደንገል ስለ በቀለበት የአካባቢው ሰው ደንገላማው ጊዮርጊስ ይለዋል። እዚያ ደጀ ሰላሙ ላይ ተንበርክከው፣ «ልጄን በሕይወት ብታመጣልኝ ፈረሴን አምባላይን አገባልሃለሁ» ብለው ተሳሉ። ምሥጋናም ባለፈው ኅዳር መጣ። ዳሌው ውስጥ ብረት ቀርቶ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ ዐይኑን ከመሬት ሳይነቅል፤ ግን በሕይወት መጣ።

«ጊዮርጊስ የበኩሉን አደረገ» አሉ አቶ ክንዱ። «የቀረው የእኔ ነው። ሚያዝያ ሃያ ሦስት ለንግሡ መግባት አለበት።»

አምባላይ ስሙን ያገኘው ከመልኩ ነው፤ ከጆሮው እስከ ጭራው ነጭ ነው። አቶ ክንዱ ከእንጅባራ በኩል ውርንጭላ ሳለ አምጥተው በእጃቸው ያሳደጉት፣ በሠርግም በጥምቀትም አገር የሚያየው ፈረሳቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ግን እንጅባራ የፈረሰኞች በዓል ላይ ውሎ በክፍት አይሱዙ ሲመለስ፣ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ወደቀና የፊት እግሩ ተጎዳ። እግሩ ዳነ። ነገር ግን አስፋልት ላይ ረጅም መንገድ ከሄደ ያብጣል፤ የጭነት መኪና ድምፅ ከሰማም ላብ ያጠምቀዋል፤ ገመዱን በጥሶ ይፈረጥጣል።

«ስለዚህ በእግሩ አይሄድም» አሉ አባት። «እንደ በግ ታስሮም አይጫንም። ለቅዱስ የሚሰጥ ነገር ነውር አይገኝበትም። ሳያነክስ፣ ሳይላላጥ፣ ሳይደነግጥ ነው መግባት ያለበት። አንተ ደግሞ ብረት ታውቃለህ።»

ሀዲስ መዶሻውን መሬት አስቀመጠ። በልጅነቱ ወባ ጥሎት ከሞት አፋፍ የተመለሰበት ክረምት ትዝ አለው። ያኔ አባቱ ለማን ምን ተስለው ነበር? ለማንም ምንም። አንዲት ጧፍ እንኳ። ይህን ግን ለአባት አይናገሩትም። ዋጠውና፣ «እሺ አባባ» አለ።

ማታ ለሚስቱ ለዜማ ሲነግራት እንጀራውን እንደ ጠቀለለች ቀረች። ያ አባዱላ የቤቱ ተስፋ ነበር። ወንበር ገጥሞ ሰው ሊያመላልስበት፣ ወገቡን ከባትላሜራው፣ የተጋጨ መኪና ከመቀጥቀጡ ሥራ ሊያሳርፍበት ካሰበ ቆይቷል።

«ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ በሚሄድበት አገር አንተ ለፈረስ አልጋ ልትሠራ ነው?» አለች።

«ለአንድ መንገድ ነው። ሲመለስ ወንበሩን እገጥማለሁ።»

«አባትህ ያዘዙህ ነገር አንድ መንገድ ሆኖ ያውቃል?»

ሀዲስ እጁን ሊታጠብ ተነሣ።

ሥራው የተጀመረ ሰሞን ምሥጋና ጋራዡ በር ላይ ካለ አሮጌ ጎማ ላይ እየተቀመጠ ይውል ነበር። ከመዝመቱ በፊት እዚሁ ቤት በያጅ ነበር፤ እጁ ከሀዲስ እጅ ይሻል እንደ ነበረ ሀዲስ ራሱ ይመሰክራል። ከተመለሰ ወዲህ ግን ብረት አልነካም። መፍጫው ሲጮህ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ይሄዳል፤ ሲቆም ይመለሳል። «በላህ?» ሲሉት «በላሁ»፣ «ተኛህ?» ሲሉት «ተኛሁ» ይላል። ከዚያ ያለፈ ቃል ከአፉ አይወጣም።

ሀዲስ መጀመሪያ ያሰበው እንደ ነገሩ ሊገላገለው ነበር። ከፊት አንድ ቱቦላሬ ብረት፣ ከኋላ አንድ ቱቦላሬ፣ መሐሉ ላይ ፈረሱ፤ በቃ። የፊቱን ብረት በይዶ ሲጨርስ ከኋላው ድምፅ ሰማ።

«እንዲህ አይደለም።»

ዞር ሲል ምሥጋና ቆሟል።

«ምኑ?»

«ይኼ ብረት ከጉልበቱ ላይ ነው የሚመጣበት። ፍሬን ስትይዝ እግሩን ይሰብረዋል። ከደረቱ ላይ ነው መሆን ያለበት። ደግሞም እንዲሁ ባዶውን አይሆንም፤ ይለበስ።» ወደ ብረቱ ጠጋ ብሎ፣ «አያ ሀዲስ፣ እስቲ ያን መቁረጫ አቀብለኝ» አለ።

ሀዲስ መቁረጫውን አቀበለው። ደስታውን ወንድሙ እንዳያይበት ፊቱን አዞረ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የምሥጋና ሆነ። በስስ ላሜራ የተሠራውን ወለል ነቅሎ ከሻንሲው ላይ አንጎላሬ ብረት ደረደረ፤ በላዩ ወፍራም ሳንቃ ረበረበ፤ በሳንቃው ላይ ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ የተቀደደ ላስቲክ ሻካራውን ፊት ወደ ላይ አድርጎ መታበት፤ ኮቴ እንዳያንሸራትት። የሚስማሩን ራስ ሁሉ እያሰጠመ በመዳፉ ዳሰሰው። ጎንና ጎኑን በስፖንጅና በሌዘር አለበሰ። ከላይ በሁለቱም በኩል የአየር መስኮት ከፈተ፤ ነፋሱ የፈረሱን ዐይን እንዳይመታ ክዳን ሠራለት። የጭስ መውጫው ማርሚታ ቀዳዳ ኖሮት ጭሱ በወለሉ ይገባ ነበርና አውርዶ በየደው። መኪናውን የሚያነጥረውን ደረቅ የኋላ ባሌስትራ ከአንድ ወዳጃቸው ጋራዥ በተገኘ ለስላሳ ለወጠው። አቶ ክንዱም በየገበያው ቀን ይመጡና ዱላቸውን ተመርኩዘው ይቆማሉ።

«ሰፊ አድርጋችሁ አትልቀቁት» ይላሉ። «ሰፊ ከሆነ ይዞርና ይወድቃል። ከታች ግን ልቀቁለት። ፈረስ ሚዛኑን የሚጠብቀው እግሩን አንፈራጦ ነው።»

«ገመዱስ አባባ?»

«እንዳያንቀው አጭር፣ እንዳይጠለፍበት ረጅም አይሁን። ቋጠሮውም ስትስበው የሚፈታ ይሁን። ክፉ ቀን ቢመጣ ቢላዋ አትፈልግም።»

መወጣጫውን ሲሠሩ ሦስቱም አብረው ነበሩ። ሳንቃው ላይ አግዳሚ ጉማጅ እየመቱ፣ ቁልቁለቱን እየለኩ፣ አባት ሲቆጡ፣ ምሥጋና ሲመልስላቸው፣ ሀዲስ መሐል ሆኖ ሲያስታርቅ፣ ከድሮ ጀምሮ እንዲሁ የኖሩ ይመስል ነበር። ዜማ ምሳ ይዛ መጥታ ምሥጋና በጮሌ አፉ ከአባቱ ጋር ሲከራከር ብትሰማ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከዚያ ቀን ወዲያ የወንበሩን ነገር አላነሣችም።

መኪናው ሊያልቅ ሲል ምሥጋና፣ «መጀመሪያ እኔን ጭነህ ሞክረው» አለ።

«አንተን?»

«ፈረስ እጅ የለውም። እኔም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እቆማለሁ። አንተ ንዳ፤ ሳትነግረኝ ፍሬን ያዝ፤ ሳትነግረኝ እጠፍ።»

ከፔዳው ዩኒቨርሲቲ ግቢ በስተጀርባ ወዳለው ኮረኮንች ሄዱ። ሀዲስ እየፈራ ነዳ፤ አንዴ ፍሬን ያዘ። ከኋላ ድም የሚል ድምፅ መጣ። ደንግጦ ወርዶ በሩን ሲከፍት ምሥጋና ደረቱን የተለበሰው ብረት ላይ አሳርፎ፣ እጁን እንዳጣመረ ቆሟል።

«ያዘኝ» አለ። «አያ ሀዲስ፣ ያዘኝ እኮ! ድገመው።»

ደገመው። ወደ ግራ አጠፈ፤ ወደ ቀኝ አጠፈ፤ ጉድጓድ ውስጥ ከተተው። መንገዱ ዳር የቆሙ ተማሪዎች በመስኮቱ ጭንቅላቱ የሚታየውን ሰውዬ እያሳዩ ይሳሳቃሉ። ምሥጋናም ሣቀ። ከተመለሰ ወዲህ ሲሥቅ ሀዲስ መጀመሪያ ያየው ያኔ ነው።

ሲበቃቸው ከዋርካ ሥር አቁመው መወጣጫው ላይ ተቀመጡ። ምሥጋና ላቡን ጠረገና ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ።

«ከግንባር ሲያወጡን በጭነት መኪና ነበር። ቁስለኛ ብቻ ነው የተጫነው። ወለሉ ላሜራ ነው፤ ደም ፈሶበት ያዳልጣል። የምትይዘው ነገር የለም። ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ሁላችንም ወደ ፊት እንሄዳለን፤ ሲነሣ ሁላችንም ወደ ኋላ። አጠገቤ የደብረ ታቦር ልጅ ነበር። ሲጭኑት ያወራል፤ ስለ እናቱ በግ ያወራል። ስንደርስ የለም።» ጠጠር አንሥቶ ወረወረ። «ጥይት አይደለም የገደለው፤ መንገዱ ነው።»

ሀዲስ ጠጋ አለ። ትከሻውን ያዘው። ምሥጋናም የወንድሙን እጅ አላራቀም።

የቀረው ፈረሱን ማለማመድ ነበር። መኪናውን መሸንቲ ወስደው አቶ ክንዱ ደጅ አቆሙት። አምባላይ መጀመሪያ ሲያየው ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ አፍንጫውን ነፋ። ምሥጋና አላስገደደውም። ሣሩን መጀመሪያ ከመወጣጫው ግርጌ አኖረለት፤ በማግሥቱ ከፍ አድርጎ፤ በሌላው ቀን ደፉ ላይ። እሱ ራሱ መኪናው ውስጥ እየተቀመጠ ይጠብቀዋል፤ ይጠራዋል፤ እንደ ሰው ያወራዋል። ፈረሱ አንድ ኮቴ አሳርፎ ይመለሳል። ሁለት አሳርፎ ይመለሳል። አንድ ጧት ሀዲስ ሊያያቸው ሲመጣ፣ አምባላይ ማንም ሳይስበው መወጣጫውን ቀጥ ብሎ ወጥቶ፣ ደረቱን ብረቱ ላይ አስደግፎ ገብሱን ይቆረጥማል። ምሥጋና አንገቱን ያክለታል።

«እዚያ ደብሩ ቅጥር ውስጥ ሣሩ ሞልቷል» አለ ምሥጋና ለአባቱ። «ጥላውም ደኅና ነው። እግሩ ላይ ሸክም ካልበዛበት ገና ብዙ ዘመን ይኖራል። ጥምቀት ሲደርስ እኔ እየሄድሁ አጥበዋለሁ።»

አቶ ክንዱ የኮርቻውን ጠፍር እያሻሹ ነበር። ማሻሸታቸውን ቀጠሉ።

«ከደብሩ መነኮሳት አንዱ ፈረስ መያዝ ያውቅበት ይሆን? ካላወቀበት አሳየዋለሁ።»

«እግዜር ያውቃል» አሉ አባት፤ ተነሥተውም ወደ ቤት ገቡ።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ጧት አምባላይን አጥበው፣ ጋማውን ጎንጉነው፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ዘርፍ አሰሩለት። አቶ ክንዱ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ከሀዲስ ጎን ተቀመጡ። ምሥጋና ከፈረሱ ጋር ከኋላ ሆነ። ሀዲስ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቆ ነድቶ አያውቅም። ባጃጅ ሲያቋርጠው ሳይሳደብ አሳለፈ፤ ጉድጓድ ባየ ቁጥር እንደ ታቦት ተሸካሚ ቀስ አለ። ከተማው መግቢያ ኬላ ላይ አስቆሟቸው። አንዱ ፖሊስ የኋላውን በር አስከፍቶ ካየ በኋላ ጓደኛውን ጠራው።

«ና እስቲ እይ፣ ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ ነው። እኛ በምን እንሄዳለን፣ ፈረሱ በምን ይሄዳል!»

ሥቀው አሳለፏቸው። አቶ ክንዱም በኩራት ጢማቸውን ዳሰሱ።

ደንገላማው ጊዮርጊስ ሲደርሱ ሕዝቡ ከቅጥሩ አልፎ እስከ ሐይቁ አፋፍ ሞልቷል። ምሥጋና ቋጠሮውን ሳብ አድርጎ ፈታና ፈረሱን በመወጣጫው አወረደው። አምባላይ አላነከሰም። አልላበውም። ጆሮውን አቁሞ ከበሮውን ያዳምጥ ጀመር። ሴቶች እልል አሉ። አቶ ክንዱ ገመዱን ከምሥጋና ተቀብለው ሕዝቡን እየሰነጠቁ እስከ ዐውደ ምሕረቱ መሩት፤ ቄሱም ባርከው ስለቱን ለሕዝቡ ሲያሰሙ እልልታው እንደ ገና ቀለጠ። ሀዲስ በዚያች ሰዓት ወባውንም ጧፉንም ረሳ። አባቱን ሲያይ ዕንባ መጣበት።

ታቦቱ ዞሮ ከገባ፣ ሕዝቡም ጠበል ጠዲቁን ከቀመሰ በኋላ፣ የሰበካው ጸሐፊ ቃለ ሕይወት የሚባሉት ድምፅ ማጉያውን ይዘው ወጡ። የጣሪያው ቆርቆሮ እንደ ሾለከ፣ ክረምቱም እንደ ደረሰ ተናገሩና የስለቱን ጨረታ ከፈቱ። መጀመሪያ ጥላ ተሸጠ። ከዚያ ምንጣፍ። ከዚያ ሁለት በጎች። ቀጥሎም፣ «አሁን ደግሞ አቶ ክንዱ ለሰማዕቱ ያገቡት ነጭ ፈረስ!» አሉ።

ምሥጋና የአምባላይን ጀርባ በነጠላው ጫፍ እየጠረገ ነበር። ቀና አለ።

«ምን አሉ?»

ሀዲስም ክው አለ። ጥላና በግ እንደሚሸጥ ማን ያጣዋል? ግን ያን ሁሉ ሰሞን እሱም ወንድሙም በልባቸው ፈረሱን ቅጥሩ ውስጥ አስገብተው፣ ሣር አብልተው፣ አስረጅተውት ነበር። ጨረታ የሚባል ነገር በሐሳባቸው ውል አላለም። አባቱን አየ። አቶ ክንዱ እጃቸውን አጣምረው ቀጥ ብለው ቆመዋል። በፊታቸው ላይ አንዳች መደንገጥ የለም።

መልካሙ የሚባል፣ የግንባታ አሸዋ በጋሪ የሚያስጭን ነጋዴ ዋጋ ጠራ። ሌላው ጨመረ። መልካሙ ደገመ። ሀዲስ ጨረታውን አያውቅበትም፤ ገንዘብም አልነበረውም፤ ግን እጁ ሳያስበው ወደ ላይ ተነሣ። ተዘርግቶ ሳያበቃ የአባቱ እጅ አንጓውን ጨብጦ አወረደው።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ልግዛው አባባ። አባዱላውን እሸጣለሁ።»

«እኔ ለቅዱስ የሰጠሁትን ልጄ መልሶ ሊወስድ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ‹ክንዱ በግራ እጁ ሰጥቶ በቀኙ ወሰደ› እንዲባል?» ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ጣታቸው ግን ሥጋው ውስጥ ገባ። «እጅህን አውርድ።»

ሀዲስ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ሚስት አለው፤ ልጆች አሉት። እጁን አወረደ።

አምባላይ ለመልካሙ ወጣለት። እልልም ተባለ።

መልካሙ ሰዎቹን ጠርቶ አይሱዙውን ወደ ኋላ እያስነዳ አቀረበ። አምባላይ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ተንቀጠቀጠ። ምሥጋና እግሩን እየጎተተ ከፊታቸው ቆመ።

«ወንድሜ፣ ስማኝ» አለው። «ይኼ ፈረስ ከጭነት መኪና ወድቆ ያውቃል፤ ይፈራል። እኛ መኪናውን ሠርተንለታል፤ ያው እዚያ ቆሟል። የምትለው ቦታ ድረስ አደርስልሃለሁ። አንዲት ሳንቲም አታወጣም።»

መልካሙ ክፉ ሰው አልነበረም። የተለበሰውን መኪና አየና ፈገግ አለ። «አንተ ልጅ፣ ነገ የሚጎትተው አሸዋ ነው እኮ። ዛሬ በፍራሽ አስለምጄው ነገ ምን ላደርገው?» ለሰዎቹም ምልክት ሰጠ።

ሁለቱ ከፊት ሳቡት። ሁለቱ ከኋላ አጣና ይዘው መቱት። አምባላይ ኮቴው ብረቱ ላይ ተንሸራትቶ በጉልበቱ ወደቀ፤ ተነሣ፤ ዳግመኛ ወደቀ። የጎነጎኑት ጋማ ተፈታ። ግንባሩ ላይ ያሰሩለት ቀይ ዘርፍ አቧራ ውስጥ ተረገጠ። በመጨረሻ እግሩን በገመድ አስረው አነሡትና ወረወሩት፤ ቁና ቁና እየተነፈሰ በጎኑ ተኝቶ ሄደ።

ምሥጋና አቧራው እስኪቀመጥ ድረስ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወደ አባቱ ዞረ።

«ያውቁ ነበር?»

አቶ ክንዱ ዱላቸውን አስተካክለው ያዙ።

«አባባ፣ እንደሚሸጥ ያውቁ ነበር?»

«ስለት ከደጁ ከገባ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ነው» አሉ። «ይሽጡት፣ ይረዱት፣ የእኔ ድርሻ ነውር ሳይኖርበት ማድረስ ነበር። አድርሻለሁ።»

«እኔ ሣሩን ሳወራዎ፣ ጥላውን ሳወራዎ፣ ዝም ብለው ይሰሙኝ ነበር።»

«መሥራት ጀምረህ ነበር። መናገር ጀምረህ ነበር። ምን ብዬ ላቁምህ?»

ምሥጋና ራሱን ነቀነቀ። ሲናገር አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር።

«እኔንም እንዲሁ ነበር የሸኙኝ። አዲስ ልብስ አልብሰው፣ በእልልታ፣ እስከ አውቶቡሱ ድረስ እጄን ይዘው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጠየቁም።»

«አንተን እኮ አስመለስሁ!» አሉ አቶ ክንዱ። ድምፃቸው ተሰበረ። «በምን ያስመለስሁህ ይመስልሃል? ያየኸው ነገር እኮ ያንተ ዋጋ ነው!»

ይህን ባይሉ ኖሮ ምናልባት ነገሩ በዚያ ይበርድ ነበር። ምሥጋና ግን ፊቱ እንደ ዐመድ ሆነ። ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣለና የሐይቁን ዳር ይዞ፣ እያነከሰ ሄደ። ሀዲስ ተከትሎት ሮጠ። «ግባ፤ መኪናው ውስጥ ግባ፤ እኔ ልውሰድህ» አለው። ምሥጋና አንገቱን ሳያዞር፣ «አንተም እጅህን አወረድህ አያ ሀዲስ» አለ። ሀዲስ መሮጡን አቆመ።

በሚቀጥለው ሳምንት ምሥጋና ከአዋሳ ደወለ። የመስኮትና የበር ሥራ ቤት ገብቷል። ደኅና ነኝ አለ። ሀዲስ ይቅርታ ሊጠይቀው አፉን ሲከፍት፣ «ተወው» አለው። «አንድ ነገር ብቻ ማልልኝ። የት እንዳለሁ ለአባባ አትንገር።» ሀዲስም ማለለት።

አባዱላው ትንሽ ጊዜ እንዲሁ ቆመ። ፈረስ በዚያ አኳኋን የሚያስጭን ሰው በባሕር ዳር አልተገኘም፤ ከመወጣጫው ላይ የሰፈር ፍየሎች ይንሸራተቱበት ጀመር። ሀዲስ አንድ ቀን ተነሥቶ ሌዘሩን ገሸለጠ፤ የደረቱን ብረት በመቁረጫ ቆረጠ፤ ወንድሙ አንድ በአንድ ያሰጠማቸውን ሚስማሮች በጉጠት ነቀለ። በጥሩ ተመትተው ነበርና ቀኑን ሙሉ ፈጀበት። ስፖንጁን ዜማ ለልጆቹ ፍራሽ አደረገችው። ወንበር ገጠመለት፤ ራሱ ሊነዳው ግን ልቡ እንቢ ስላለው ለአንድ ሹፌር ሸጠው። የፈለገው ዕረፍትም ቀረ፤ ባትላሜራው ቀጠለ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አቶ ክንዱ ጋራዡ መጡ። በሩ ላይ አልሳሉም፤ መኪኖቹንም አላዩም። ከስተዋል። ሀዲስ ወንበር ሰጣቸው፤ ሻይና ዳቦ አስመጣላቸው። ዳቦውን እጃቸው ላይ እንደ ያዙ ቆዩ።

«አምባላይን አየሁት» አሉ።

«የት?»

«ድልድዩ ዳገት ላይ። አሸዋ ጭኖ። እግሩ አብጧል። ጠራሁት።» ዳቦውን ሳይቆርሱ አስቀመጡት። «ጆሮውን ወደ ድምፄ ጣለ። ባለ ጋሪው ግን ገረፈውና አለፈ።»

ሀዲስ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከጎረቤት የቀለም መርጫ ማሽን ጩኸት ይመጣል።

«ያ ልጅ የት ነው ሀዲስ?»

«አላውቅም አባባ።»

«አልደወለልህም?»

«አልደወለም።»

አባቱ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዐይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። «ልሳልለት አስቤ ነበር» አሉ፤ «በደኅና እንዲመልሰው። ደንገላማው ድረስ ሄድሁ። ደጀ ሰላሙ ላይ ተንበረከክሁ። ከዚያ የምለው ጠፋኝ። ቤቴን በሐሳቤ ዞርሁት፤ አንድ ነገር የለኝም። ተነሥቼ መጣሁ።»

ሀዲስ መዶሻውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ። አዋሳ ነው ያለው፣ ደኅና ነው፣ ሠርቶ ይበላል፤ ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። መሐላውን አሰበ። ደግሞም፣ ምንም ቢሆን የሰው ልጅ ነውና፣ አባቱ እንዲህ ለእሱ ለሀዲስ ተንበርክከው እንደማያውቁ አሰበ። ሁለቱ ሐሳቦች አንድ ላይ አፉን ያዙት። አፉን ያዘው መሐላው ይሁን ቂሙ፣ እሱም ለይቶ አላወቀውም።

«ሻይዎ ይቀዘቅዛል» አለ።

ጠጡ። ሲመሻሽ ሀዲስ እስከ መናኸሪያው ሸኛቸው። የመሸንቲው መኪና ሞልቶ ስለ ነበር ከሁለት ሰው መሐል አጣብቆ አስቀመጣቸው፤ ዱላቸውንም በመስኮት አቀበላቸው። ሞተሩ ሲነሣ አቶ ክንዱ አንገታቸውን አወጡ።

«እውነት አታውቅም?»

«አላውቅም አባባ።»

ረዳቱ በሩን ዘጋው፤ መኪናው ሄደ። ሀዲስ ልጆቹ ማታ የሚበሉት ዳቦ ገዛና በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።